ከፍሳሽ ውስጥ ብርቅዬ ፋጆችን ማደን፦ ከናሙና ጠርሙስ እስከ ጂኖም

ባክቴሪያ የሚያጠቃ ቫይረስ፣ ማለትም ፋጅ፣ ከፍሳሽ ውስጥ ማግኘት ከባድ ሥራ አይደለም። ያልታከመ ፍሳሽ ያጣሩ፣ አንድ ጠብታ ኢ. ኮላይ በተዘራበት ሳህን ላይ ያሳርፉ፤ በማግስቱ የባክቴሪያው ምንጣፍ ተበሳስቶ ያገኙታል። ከባዱ ነገር ሌላው ሁሉ ሺህ ጊዜ ያገኘውን ዓይነት ፋጅ እርስዎም አንድ ሺህ አንደኛ ሆነው አለማግኘት ነው።

በ2007 የወጣ ቆጠራ እስከዚያ ድረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከታዩት ከ5,500 በላይ ፋጆች ውስጥ 96 በመቶው ጭራ ያላቸው መሆናቸውን አሳይቷል። ጭራ ያላቸው ፋጆች በእርግጥም ብዙ ናቸው። ቢሆንም ይህ ቁጥር ስለ ተፈጥሮ የሚናገረውን ያህል ስለ እኛ አሠራርም ይናገራል። ናሙናውን በክሎሮፎርም ስናጥብ ስብ ያላቸውን ፋጆች እንገድላለን። ሳህኑን ከአንድ ሌሊት በኋላ ስንጥል ቀስ ብለው የሚያድጉትን እናጣለን። ባለ ድርብ ክር ዲኤንኤ ብቻ የሚያነብ መሣሪያ ስንመርጥ ደግሞ የአርኤንኤ ፋጆች ከነመኖራቸውም አይታወቁም። የሚከተለው መመሪያ የተጻፈው የማይክሮባዮሎጂ ቤተ ሙከራ መሠረታዊ ልምድ ላለው ሰው ሲሆን፣ በየደረጃው የምናነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ እርምጃ ማንን እየጣለብኝ ነው?

መጀመሪያ የሚያድኑትን ይወስኑ

«ምን እንደሚገኝ ልየው» ብሎ የጀመረ ሰው የሚያገኘው ጭራ ያለውን ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን ከማንሳትዎ በፊት ዒላማ ይምረጡ። በቂ ጥናት ካልተደረገባቸው መካከል የሚጠቀሱት ጂኖማቸው አርኤንኤ የሆኑት፣ ባለ ነጠላ ክር ዲኤንኤ የሆኑት፣ በውስጣቸው የስብ ሽፋን ያላቸው፣ እንዲሁም ጂኖማቸው ከ200,000 የዲኤንኤ ፊደላት የሚበልጥ ግዙፎቹ ናቸው።

እኔ ለጀማሪ የምመክረው ግን ሌላ አከፋፈል ነው፤ በፕላስሚድ ላይ ጥገኛ የሆኑትን ፋጆች። ፕላስሚድ ባክቴሪያ ከዋናው ክሮሞሶሙ ውጭ የሚይዘው፣ ራሱን ችሎ የሚባዛ የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። አንዳንዶቹ ፕላስሚዶች ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚሻገሩ ሲሆን፣ ለመሻገሪያ እንዲሆናቸው ፒለስ የሚባል ቀጭን ዘንግ በባክቴሪያው ገላ ላይ ያስበቅላሉ። አንቲባዮቲክን የሚቋቋሙ ጂኖች ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው የሚዛመቱት በአብዛኛው በእንዲህ ዓይነት ፕላስሚዶች ነው። ጥገኛ ፋጆቹ ደግሞ ይህንኑ የመሻገሪያ መሣሪያ እንደ በር ይጠቀሙበታል። ኤምኤስ2 የተባለው የአርኤንኤ ፋጅ በፒለሱ ጎን ላይ ይጣበቃል፤ ክር መሰሉ ኤም13 ጫፉን ይይዛል። ፒአርዲ1 በባክቴሪያው ገጽ ላይ ያለውን የመሣሪያውን ሥር ይፈልጋል። ፕላስሚዱ ከሌለ ሦስቱም መግቢያ የላቸውም።

ይህ ከምርምር ጉጉት ያለፈ ጥቅም አለው። በቤተ ሙከራ እንደታየው በፒአርዲ1 የተጠቃ የባክቴሪያ ማኅበረሰብ ለመዳን ሲል ፕላስሚዱን ይጥላል፣ ወይም የመሻገሪያ መሣሪያውን ያበላሻል። ፕላስሚዱን የጣለው ባክቴሪያ አንቲባዮቲኩን የመቋቋም ችሎታውንም አብሮ ይጥላል።

ዘዴውም አዲስ አይደለም። ቲም ሎብ እና ኖርተን ዚንደር በ1961 የአርኤንኤ ፋጅ መሆኑን የገለጹትን የመጀመሪያውን ፋጅ፣ ኤፍ2ን፣ ከኒው ዮርክ ፍሳሽ ያወጡት ኤፍ ፕላስሚድ የያዙትን ባክቴሪያዎች ብቻ የሚያጠቃ ፋጅ ብለው ሆን ብለው ስለፈለጉ ነው። ማጥመጃው፣ ማለትም ፋጁ እንዲያጠቃው የቀረበለት ባክቴሪያ፣ ግኝቱን ወሰነ።

ጥንቃቄ

ያልታከመ ፍሳሽ የሰው በሽታ አምጪ ተህዋስያን ያሉበት ፈሳሽ ነው። ጓንት፣ የዓይን መከላከያና የቤተ ሙከራ ካፖርት ያድርጉ፤ ፈሳሹ ሊረጭ የሚችልበትን ሥራ በሙሉ በደኅንነት ካቢኔ ውስጥ ይሥሩ፤ የክትባት ሁኔታዎን (ሄፓታይተስ ኤ፣ ታይፎይድ፣ ቴታነስ) አስቀድመው ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት። ለማጥመጃነት በሽታ የማምጣት አቅማቸው የተዳከመ የቤተ ሙከራ ዝርያዎችን ብቻ ይጠቀሙ። የተረፈው ሁሉ በአውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተቀቅሎ ይወገድ። ከማጣሪያ ጣቢያው ፈቃድ፣ ከተቋምዎ ደግሞ የሥነ ሕይወት ደኅንነት ይሁንታ ያግኙ። በቤት ወጥ ቤት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ናሙና አወሳሰድ

ከጣቢያው የሚፈልጉት ጥሬውን ፍሳሽ ነው፤ ደረቅ ቆሻሻ በወንፊት ከተለየለት በኋላ፣ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ያለውን። ጣቢያው በ24 ሰዓት ውስጥ በየተወሰነ ጊዜ የሚሰበሰብ ድብልቅ ናሙና ካለው እሱን ይውሰዱ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተቀዳ ናሙና የዚያችን ሰዓት ፍሳሽ ብቻ ያሳያል። ለጀማሪ ሥራ 500 ሚሊ ሊትር ከበቂ በላይ ነው። በክሎሪን ከታከመ ውኃ የሚቀዱ ከሆነ ጠርሙሱ ውስጥ አስቀድመው ሶዲየም ታዮሰልፌት ይጨምሩ፤ አለዚያ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ፋጆቹን መግደሉን ይቀጥላል።

ናሙናው በ4 ዲግሪ ይጓጓዝ፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ሥራ ይጀመርበት። ጥሬውን ፍሳሽ ግን በረዶ አያድርጉት፤ በረዶ ሲሆን ስብ ያላቸው ፋጆች ይጎዳሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውኃውን ሙቀትና ከዋዜማው ጀምሮ ዝናብ መዝነቡን በጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። የዝናብ ውኃ ከፍሳሹ ጋር በሚቀላቀልበት ከተማ አንድ ጥሩ ዝናብ የፋጁን ቁጥር በእጅጉ ሊያቀጥነው ይችላል።

ማጥለልና ማጣራት

ከናሙናው 50 ሚሊ ሊትር ወስደው በ5,000 የስበት እጥፍ ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊውጅ ያሽከርክሩ። ከላይ የጠለለውን ፈሳሽ ቀስ ብለው ይቅዱና ፕሮቲን እምብዛም በማይዝ የፖሊኢተርሰልፎን ማጣሪያ ያሳልፉት፤ መጀመሪያ በ0.45፣ ቀጥሎ በ0.22 ማይክሮሜትር።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ክሎሮፎርም ነው። ብዙ የቆዩ መመሪያዎች የቀሩትን ባክቴሪያዎች ለመግደል ጥቂት ጠብታ እንዲጨመር ያዛሉ። ፒአርዲ1ና ዘመዶቹ የስብ ሽፋን ስላላቸው በክሎሮፎርም ይሞታሉ፤ እንደ ኤም13 ያሉት ክር መሰሎችም ይጎዳሉ። ስለዚህ በዚህ ሥራ ክሎሮፎርም የሚባል ነገር ወደ ናሙናው አይቅረብ። ሁለተኛው ወጥመድ ራሱ ማጣሪያው ነው። ግዙፍ ፋጆች በ0.22 ቀዳዳ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። ዒላማዎ እነሱ ከሆኑ በ0.45 ያቁሙና ያመለጡትን ባክቴሪያዎች በአንቲባዮቲክ ይከላከሉ፤ ማጥመጃ ባክቴሪያዎ የሚቋቋመውን አንቲባዮቲክ ሳህኑ ውስጥ ሲጨምሩ የፍሳሹ ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ አይበቅሉም።

ስለ ማከማቸት፣ ማለትም ፋጆቹን በትንሽ ፈሳሽ ውስጥ ስለ መሰብሰብ፣ አጭር አስተያየት፦ ብዙ ሰው ፋጁን በፖሊኢትሊን ግላይኮልና በጨው አዝቅጦ ለማከማቸት ይቸኩላል። ጥሬ ፍሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ይህን አይፈልግም። መጀመሪያ የተጣራውን ፈሳሽ እንዳለ ይሞክሩት፤ ባዶ ሳህን ሲገጥምዎ ብቻ ያከማቹ።

ማጥመጃ ባክቴሪያውን ማዘጋጀት

አብዛኛው ውድቀት የሚከሰተው እዚህ ነው፤ ጥፋቱም ሁልጊዜ በናሙናው ይሳበባል። እኔ ራሴ አንድ ሳምንት ሙሉ ባዶ ሳህን ስቆጥር ሰንብቼ ችግሩ ማጥመጃውን በክፍሉ ሙቀት ማሳደጌ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ኤፍ ፕላስሚድ የያዘ ባክቴሪያ ከ25 ዲግሪ በታች ፒለስ አይሠራም። በር የሌለውን ቤት ፋጅ እንዴት ይግባበት?

ለኤፍ ጥገኛ ፋጆች ኢ. ኮላይ ኤፍአምፕ የተባለው ዝርያ ይመቻል፤ አምፒሲሊንንና ስትሬፕቶማይሲንን ይቋቋማል። ፕላስሚዱ እንዳይጠፋ አምፒሲሊን ባለበት ምግብ ውስጥ በ37 ዲግሪ ያሳድጉት። ከሌሊቱ ያደረውን ባክቴሪያ በቀጥታ አይጠቀሙ፤ በአዲስ ምግብ መቶ ጊዜ አቅጥነው በፍጥነት እየተራባ ሳለ ይያዙት። ከዚያ በኋላ በኃይል አይናጡት፤ ፒለስ ቀጭን ነው፣ ይሰበራል። ወዲያው የማይጠቀሙበት ከሆነ በበረዶ ላይ ያኑሩት፣ ግን በዚያው ቀን ይጨርሱት።

ከእሱ ጎን፣ ፕላስሚዱ የሌለው መንትያ ዝርያ የግድ ያስፈልግዎታል። የሚያገኙት ፋጅ በእርግጥ በፕላስሚዱ ላይ ጥገኛ መሆኑን የሚመሰክርልዎ እሱ ብቻ ነው።

ድርብ ሽፋን አጋር

የታችኛው ሽፋን 1.5 በመቶ አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ጄል) ይሁን። የላይኛው ከ0.5 እስከ 0.7 በመቶ ሆኖ፣ ቀልጦ በ45 እስከ 48 ዲግሪ ይቆይ። ትናንሾቹ ፋጆች በዚህ ይረካሉ፤ ግዙፎቹ ግን ወፍራም አጋር ውስጥ መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ለእነሱ ወደ 0.3 በመቶ ያውርዱት። 4 ሚሊ ሊትር የላይኛው አጋር፣ 0.2 ሚሊ ሊትር ማጥመጃ ባክቴሪያና 0.1 ሚሊ ሊትር የተጣራ ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ይቀላቅሉ፤ ጥቂት ካልሲየም ክሎራይድ ይጨምሩ፤ ሳይረጋ ቶሎ ብለው በሳህኑ ላይ ያፍስሱት። ያልቀጠነ፣ አሥር ጊዜና መቶ ጊዜ የቀጠነ ናሙና ለየብቻ ይሥሩ። ከጎናቸው ሦስት ማነጻጸሪያ ሳህኖች ይኑሩ፦ ባክቴሪያ ብቻ ያለበት፣ ናሙና ብቻ ያለበት፣ ኤምኤስ2 የተጨመረበት። ሦስተኛው ሳህን ባዶ ከሆነ ማጥመጃዎ አልሠራም ማለት ነውና ሌሎቹን ለማንበብ አይድከሙ። ኤምኤስ2 ባለበት ክፍል የሚገኝ አዲስ ፋጅ ብክለት ሊሆን ስለሚችል ግን ይህን ሳህን በሌላ ጠረጴዛና በሌላ ፒፔት በመጨረሻ ይሥሩት።

በማግስቱ ፕላኮቹን፣ ማለትም በባክቴሪያው ምንጣፍ ላይ የተከፈቱትን ክብ ባዶ ቦታዎች ይቁጠሩ። ከዚያ ሳህኑን አይጣሉት፤ ለሦስት ቀን መልሰው ያስገቡትና በየቀኑ አዲስ የታየውን በሌላ ቀለም ያክብቡት። ጥርት ያሉት ትልልቅ ክቦች ዓይን ይስባሉ፤ ብርቅዬዎቹ ብዙ ጊዜ ደብዛዛ፣ ትንሽና ዘግይተው የሚመጡ ናቸው። ክር መሰል ፋጆች ባክቴሪያውን ሳይገድሉ ስለሚወጡ ፕላካቸው ጥላ ያህል ብቻ ነው። ሳህኑን ወደ ጥቁር ወረቀት አዘንብለው በጎን ብርሃን ይመልከቱ።

ባለ ሁለት ቀለም ዘዴ

በፍሳሽ ውስጥ ፕላስሚድ የማያስፈልጋቸው ተራ ፋጆች ቁጥር ከጥገኞቹ በእጅጉ ይበልጣል። በሳህኑ ላይ ሁሉም ቀዳዳ ነው፤ የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በጣም ደስ ከሚሉኝ የሙከራ ሐሳቦች አንዱ ነው፣ በ2024 በታተመ ጥናትም በዝርዝር ቀርቧል።

ሁለት የተለያዩ የባክቴሪያ ዘሮችን፣ ለምሳሌ ኢ. ኮላይንና የተዳከመ ሳልሞኔላን ይወስዳሉ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ፕላስሚድ ይዘዋል፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ይሠራል። ሁለቱን ቀላቅለው በአንድ ሳህን ላይ ይዘራሉ። አሁን ኢ. ኮላይን ብቻ የሚያጠቃ ተራ ፋጅ ቀዩን ሲገድል በቦታው አረንጓዴው ይቀራል፤ ፕላኩ አረንጓዴ ይመስላል። ሳልሞኔላን ብቻ የሚያጠቃው ቀይ ፕላክ ይተዋል። ሁለቱ ባክቴሪያዎች የሚጋሩት በር የፕላስሚዱ ብቻ ስለሆነ በዚያ በር የሚገባው ፋጅ ሁለቱንም ይገድላል፤ ፕላኩ ጨለማ ይሆናል። በመቶ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ባሉበት ሳህን ላይ የሚፈልጉት ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው።

ዘዴው ሁለት ነገር ይጠይቃል። ሁለቱ ባክቴሪያዎች በአንድ ሳህን ላይ ተቀራራቢ ፍጥነት እንዲያድጉ የድብልቁን መጠን አስቀድመው ይሞክሩ፤ አንዱ ሌላውን ከዋጠው ቀለሙ ይዋሻል። ደግሞም ሁለቱንም ዘር ያለ ፕላስሚድ የሚያጠቃ ፋጅ አልፎ አልፎ ስለሚኖር እያንዳንዱን ጨለማ ፕላክ በመንትያዎቹ ላይ ያረጋግጡ። ፕላኩን በፒፔት ጫፍ ነክተው በጥቂት ቡፈር ውስጥ ያርሱት፤ ከዚያ ፕላስሚድ ባለው ምንጣፍ ላይ አንድ ጠብታ፣ ፕላስሚድ በሌለው ላይ አንድ ጠብታ ያሳርፉ። በመጀመሪያው ብቻ የከፈተው የእርስዎ ነው። የሚያበሩ ዝርያዎች ከሌሉዎት ይህንኑ የጠብታ ፈተና ለሁሉም ፕላክ ያድርጉት፤ ያደክማል እንጂ ይሠራል።

ማጭበርበሪያዎችን መለየት

የጠራ ቦታ ሁሉ ፋጅ አይደለም። ባክቴሪዮሲን የሚባሉ ገዳይ ፕሮቲኖችም ምንጣፉን ይበሳሉ። ናሙናውን በተከታታይ አሥር አሥር ጊዜ አቅጥነው ጠብታ ያሳርፉ፤ ፋጅ ከሆነ በመጨረሻ ነጠላ ነጠላ ፕላኮች ይታያሉ፤ ባክቴሪዮሲን ከሆነ ጠብታው በሙሉ እኩል እየደበዘዘ ይጠፋል።

ጂኖሙ አርኤንኤ መሆኑን ገና ከጅምሩ የሚጠቁም ቀላል ፈተናም አለ። በላይኛው አጋር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ማይክሮግራም የሚሆን አርኤንኤዝ የተባለውን ኢንዛይም ይጨምሩ። የኤፍ ጥገኛ አርኤንኤ ፋጆች በዚህ ሳህን ላይ ፕላክ መሥራት ያቆማሉ፣ የዲኤንኤዎቹ ግን ይቀጥላሉ።

ማጥራትና ማብዛት

ከአንድ ፕላክ የተወሰደው ፋጅ ከጎረቤቱ ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ከመካከሉ ወስደው፣ አቅጥነው፣ እንደገና ዘርተው፣ ከነጠላ ፕላክ እንደገና ይውሰዱ፤ ቢያንስ ሦስት ዙር። ከዚያ በፈሳሽ ባክቴሪያ ውስጥ አብዝተው ያጣሩት። ቁጥሩን ለማስላት፦ 10,000 ጊዜ ከቀጠነው 0.1 ሚሊ ሊትር 42 ፕላክ ከሰጠ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 4.2 ሚሊዮን ፋጅ አለዎት ማለት ነው። ለጂኖም ሥራ ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚያስፈልግ የማብዛቱን ሥራ ይድገሙ።

ጂኖሙን ማንበብ

መጀመሪያ የባክቴሪያውን ትርፍራፊ ዲኤንኤና አርኤንኤ በኢንዛይም ያጥፉ፤ የፋጁ ጂኖም በፕሮቲን ቅርፊቱ ስለተሸፈነ አይነካም። ኢንዛይሞቹን ካስቆሙ በኋላ ቅርፊቱን ፕሮቲን በሚፈታው ኢንዛይም፣ በፕሮቲኔዝ ኬ፣ ይፍቱት። ይህን እርምጃ አይዝለሉ። የፒአርዲ1 ዲኤንኤ በሁለት ጫፎቹ ላይ ፕሮቲን ተጣብቆበታል፤ በ2018 ከባሕር የተገለጹት አውቶሊኪቪሪዴ የተባሉት ጭራ አልባ ፋጆችም ያለ ፕሮቲን ፈቺ ኢንዛይም ዲኤንኤያቸውን በደንብ አይለቁም ነበር።

ቀጥሎ የጂኖሙን ዓይነት ይፈትኑ። ጥቂት ጥቂቱን ለየብቻ በዲኤንኤዝ፣ በአርኤንኤዝና ነጠላ ክር ብቻ በሚቆርጥ ኢንዛይም አክመው በጄል ላይ ያስኪዱ። የትኛው እንደጠፋ ሲያዩ መንገድዎን ያውቃሉ። አርኤንኤ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል። ነጠላ ክር ዲኤንኤ ከሆነ ሁለተኛው ክር ይሠራለታል፤ ዲኤንኤውን እየቆረጡ መለያ የሚለጥፉት ፈጣን የዝግጅት ኪቶች ድርብ ክር ብቻ ስለሚቀበሉ ነጠላውን በዝምታ ያልፉታል። ሁሉን የሚያበዛው የፋይ29 ኢንዛይም ደግሞ ትንንሽ ክብ ጂኖሞችን ከልክ በላይ ያገናል፤ ለቁጥር ንጽጽር አያገለግልም።

ከንባቡ በኋላ ያለውን ሥራ ኮምፒውተር ይሠራዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ የፋጅ ጂኖም ትንሽ ስለሆነ ንባቡ ከሚገባው በላይ ይደራረባል፣ ስህተቶችም ይከማቻሉ። እያንዳንዱ ፊደል መቶ ጊዜ ገደማ ብቻ የተነበበ እስኪሆን ንባቡን ቀንሰው ስፔድስ በተባለው ፕሮግራም ይገጣጥሙት። የርዝመቱ መጠን ብዙ ይነግርዎታል፤ ኤምኤስ2 3,569፣ ባለ ነጠላ ክር ዲኤንኤው ፋጅ ፋይኤክስ174 5,386፣ ፒአርዲ1 15,000 ገደማ ፊደላት አሏቸው። ሙሉነቱን ቼክቪ በተባለው ፕሮግራም ይፈትሹ፤ ጂኖችን ፋሮካ በተባለው ይሰይሙ። ከሚታወቁ ፋጆች ጋር ሲያነጻጽሩ የተለመደው መስፈርት ይህ ነው፦ በጂኖሙ ሙሉ ርዝመት ከ95 በመቶ በላይ የሚመሳሰሉት አንድ ዝርያ፣ ከ70 በመቶ በላይ የሚመሳሰሉት አንድ ወገን ናቸው። በድሮ መጻሕፍት ያሉትን ማዮቪሪዴ፣ ሲፎቪሪዴና ፖዶቪሪዴ የሚሉ የባለ ጭራ ፋጆች ቤተሰብ ስሞች አይጠቀሙ፤ ከ2022 ጀምሮ ተሰርዘዋል።

ከሳህን ይልቅ በቀጥታ ከናሙናው ንባብ የሚጀምሩም አሉ፣ ውጤታቸውም የሚናቅ አይደለም። በ2020 በዚህ መንገድ፣ በአብዛኛው ከማጣሪያ ጣቢያ ዝቃጭና ከውኃ አካላት መረጃ፣ ከአንድ ሺህ በላይ አዳዲስ የአርኤንኤ ፋጅ ጂኖሞች ተገኝተዋል፤ ከዚያ በፊት የሚታወቁት በአሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። ጉድለቱ ማንን እንደሚያጠቁ አለመታወቁ ነው። ክራስፋጅ የተባለው የሰው አንጀት ባክቴሪያ ፋጅ በ2014 በኮምፒውተር ተገኝቶ ከወገኑ የመጀመሪያው በባክቴሪያ ላይ እስኪያድግ ድረስ አራት ዓመት ፈጅቷል። ሳህን የሚመርጥ ሰው በአንጻሩ ጥቂት ያገኛል፣ ያገኘው ግን በእጁ ነው።

ማስቀመጥ

ንጹሑን ፋጅ ለሁለት ከፍለው አንዱን በ4 ዲግሪ፣ ሌላውን ከግሊሰሮል ጋር በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያኑሩ፤ ስብ ያለው ፋጅ ከሆነ ከወር በኋላ አንዱን አቅልጠው ቁጥሩ እንዳልወረደ ይፈትሹ። የተያዘበትን ባክቴሪያም ከነፕላስሚዱ አብረው ያስቀምጡ፤ ማጥመጃው የጠፋበት ፋጅ ተመልሶ አይበዛም። ከናሙናው የተረፈውን የተጣራ ፍሳሽም አይድፉት፤ በ4 ዲግሪ አቆይተው ሌላ ፕላስሚድ የያዘ ማጥመጃ ሲያገኙ በዚያው ፈሳሽ ላይ ከድርብ ሽፋን አጋሩ ደረጃ እንደገና ይጀምሩ።